የኤሌክትሮኒክ ፖስታን ስለ ማሸግ፤ ነጋዴው ከሰርቨሩ ባለሙያ ምን መጠየቅ ይገባዋል

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ የአገሩን ምርት ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ሥራው የሚጀመረው በደብዳቤ ነው። የዋጋው ጥያቄ፣ ፕሮፎርማው፣ የሻጩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የመርከቡ ስም፣ ዕቃው ጅቡቲ የሚደርስበት ቀን፣ ይህ ሁሉ ከዕቃው ቀድሞ በጽሑፍ ይመላለሳል። ዛሬ ይህ ጽሑፍ የሚመላለሰው በኤሌክትሮኒክ ፖስታ፣ ማለት ኢሜይል በሚባለው ነው። በአራዳና በፒያሳ ቢሮ ከፍተው የሚሠሩ አስመጪዎችና ላኪዎችም በንግድ ካርዳቸው ላይ ከስልክ ቁጥራቸው ሥር የኢሜይል አድራሻቸውን ያትማሉ። ይሁን እንጂ ደብዳቤያቸው በመንገድ ላይ ታሽጎ ይሂድ ወይስ ተከፍቶ ይሂድ ብለው ባለሙያቸውን ጠይቀው የሚያውቁ ብዙ አይመስሉም።

ያልታሸገ ኢሜይል እንደ ፖስታ ካርድ ነው። በሚያልፍበት መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። የሚያነበው ተወዳዳሪ ነጋዴ ቢሆን ጉዳቱ በዋጋ ላይ ብቻ ነው፤ አታላይ የሆነ እንደሆነ ግን ነገሩ ይከፋል። አታላዩ የትኛው ዕቃ፣ በስንት ገንዘብ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚከፈል ካወቀ በኋላ ሻጩን መስሎ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧልና በዚህ ላኩልን» የሚል አንድ አጭር ደብዳቤ ብቻ ይበቃዋል። በብዙ ድካም የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ወደማይታወቅ ሒሳብ ከገባ በኋላ ማስመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ይህን የመሰለው የንግድ ደብዳቤ ማታለል በዓለም ላይ ምን ያህል እንደተስፋፋ ለመገመት፣ ለአሜሪካ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ የተመለከተው ጉዳት ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን ማወቅ ይበቃል።

መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ ጥያቄው የቆየ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታን ሥራ በዐዋጅ ካቋቋሙና ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች ወዲህ፣ የአራዳ ነጋዴ ደብዳቤውን ለማያውቀው ሰው እጅ አሳልፎ መስጠትን ተለማምዷል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ደግሞ ገንዘብም በደብዳቤ ትእዛዝ ይንቀሳቀስ ጀመር። በዚያ ዘመን ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታወቁ ነበር። አንደኛው ማሸግ ነው፤ ይኸውም ወረቀቱን በፖስታ ከቶ፣ አጣብቆ፣ አንዳንዴም በሰም አትሞ ሌላ ሰው እንዳያነበው ማድረግ ነው። ሁለተኛው ማኅተም ነው። የነገሥታቱ ማኅተም በደብዳቤው ራስጌ የሚያርፈው ጽሑፉን ለመሸፈን ሳይሆን የማን ቃል እንደሆነ ለማስታወቅ ነበር። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ ዋጋ የለውም፤ የታሸገ ፖስታ ውስጥ ተከቶ ቢመጣም ዋጋ የለውም። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ቢይዘው የሚቀጥለው ሁሉ ይቀለዋል። በኢሜይልም ማሸጉ ለብቻው፣ ማኅተሙም ለብቻው ነውና።

ቴሌግራፍ በመጣ ጊዜ ማሸግ የማይቻልበት ዘመን ሆነ፤ ምክንያቱም ቃሉን የሚመታው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሳያነበው ሊልከው አይችልም። በዓለም ላይ ያሉ የንግድ ቤቶች መፍትሔ ያደረጉት የኮድ መጽሐፍን ነበር። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1906 የታተመው የቤንትሊ መጽሐፍ እጅግ የታወቀ ነው፤ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በአምስት ፊደል ቃል ይተካል፤ ሁለት ባለ አምስት ፊደል ቃላት ተገጥመው እንደ አንድ ቃል ይከፈልባቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር የዚህ መጽሐፍ ዋና ጥቅም ምስጢር ሳይሆን ቁጠባ ነበር። መጽሐፉ በገበያ የሚሸጥ ስለሆነ፣ የገዛው ሁሉ ቴሌግራሙን ሊፈታው ይችል ነበር። የዛሬው ምስጠራ ከዚህ የሚለየው ዘዴው ለሁሉ የታወቀ ሆኖ ቁልፉ ግን በሁለቱ ተነጋጋሪዎች እጅ ብቻ በመሆኑ ነው።

አሁን ወደ ኢሜይሉ ጉዞ እንመለስ። አንድ የፒያሳ አስመጪ በዱባይ ለሚገኝ ሻጭ ሲጽፍ ደብዳቤው በአንድ ዝላይ አይደርስም፤ ሦስት መንገዶች ያልፋል። የመጀመሪያው ከአስመጪው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ወደ ራሱ የፖስታ ሰርቨር ነው። ሰርቨር ማለት ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያስቀምጥና የሚያከፋፍል ኮምፒውተር ነው፤ በቢሮው ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፣ ከአገልግሎት ሰጪ ድርጅት የተከራየ ሊሆንም ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ሰርቨር ወደ ሻጩ ሰርቨር ነው። ሦስተኛው ከሻጩ ሰርቨር ወደ ሻጩ መሣሪያ ነው። ነጋዴው የመጀመሪያውን መንገድ ሙሉ በሙሉ ሊያዝበት ይችላል፤ ሁለተኛውን በከፊል ያዝበታል፤ ሦስተኛው የባልንጀራው ጉዳይ ነው።

ጂሜይልን ወይም ይህን የመሰለ ታላቅ አገልግሎት የሚጠቀም ባለሱቅ የመጀመሪያው መንገድ ታሽጎ ይጠብቀዋል። ምክሩ በይበልጥ የሚመለከተው በድርጅቱ ስም ዶሜይን አስመዝግቦ የራሱን ሰርቨር የሚያሠራውን የንግድ ቤት ነው።

የኢሜይል መላኪያ ሥርዓት፣ ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲደነገግ ማሸጊያ አልነበረውም። የሚጠቀሙበት በዩኒቨርሲቲና በምርምር ቤት ያሉ፣ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ሰዎች ነበሩ። ኢንተርኔት ወደ አገራችን በ1989 ዓ.ም. ሲገባም ደብዳቤው ገና እንደተከፈተ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ስታርት ቲ.ኤል.ኤስ. የተባለ ትእዛዝ ተጨመረ። በዚህ ሥርዓት ሁለቱ ማሽኖች ንግግራቸውን በግልጽ ይጀምሩና አንዱ «ማሸግ እችላለሁ» ሲል ሌላው «እንግዲያውስ እንሽግ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ሁሉ በምስጠራ ይሆናል።

ቲ.ኤል.ኤስ. የሚባለው የማሸጊያው ሥርዓት ስም ነው። ሁለቱ ማሽኖች ሲገናኙ ለዚያች ንግግር ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ ይሠራሉ፤ ቁልፉ ራሱ በመንገድ ላይ አይላክም፤ እያንዳንዱ በየቤቱ ያሰላዋል። ሥርዓቱ ብዙ ጊዜ ታርሟል። 1.0 እና 1.1 የተባሉት አሮጌዎቹ ዕትሞች ድካም ስለተገኘባቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ከአገልግሎት እንዲወጡ ተወስኗል፤ ዛሬ መሥራት የሚገባቸው 1.2 እና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 1.3 ናቸው። በ1.3 አሠራር አንድ ትልቅ ጥቅም አለ፤ ሌባ የተመሰጠረውን ደብዳቤ ዛሬ ቀድቶ ቢያስቀምጥና የሰርቨሩን ቁልፍ ከዓመት በኋላ ቢሰርቅ እንኳ የድሮውን ደብዳቤ ሊከፍትበት አይችልም፤ የየንግግሩ ቁልፍ ወዲያውኑ የሚጠፋ ነውና።

ነገር ግን መመስጠር ብቻውን አይበቃም። አንድ ሰው ከአታላይ ጋር በምስጢር ቢነጋገር ምስጢሩን የሚጠብቀው ለአታላዩ ነው። ስለዚህ የአስመጪው ስልክ ሰርቨሩን ሲጠራ፣ የተጠራው በእርግጥ የድርጅቱ ሰርቨር መሆኑን ማወቅ አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው የሰርቨሩ የምስክር ወረቀት፣ ማለት ሰርተፊኬት ነው።

ይህን ነገር ከላኪ ነጋዴ የበለጠ የሚረዳው የለም። ቡና ወይም ሰሊጥ ሲላክ የዕቃው መነሻ አገር የምስክር ወረቀት ከንግድ ምክር ቤት ይወጣል። የተቀባዩ አገር ጉምሩክ ላኪውን አያውቀውም፤ የምስክሩን አውጪ ግን ያውቃል፤ በእርሱም ቃል ይተማመናል። የሰርቨር ሰርተፊኬትም እንደዚሁ ነው። ስልኩ የድርጅቱን ሰርቨር ባያውቀውም ሰርተፊኬት ሰጪዎቹን ያውቃል፤ ስማቸው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ተመዝግቦበታል። እንዲሁም አንዳንድ ሰነድ የምክር ቤቱ ማኅተም ካረፈበት በኋላ በውጭ ጉዳይ፣ ከዚያም በኤምባሲ እየተረጋገጠ እንደሚሄድ፣ ሰርተፊኬቱም በሰንሰለት የሚረጋገጥ ነው። ባለሙያው የራሱን ሰርተፊኬት ብቻ አስገብቶ መካከለኛውን የሰንሰለቱን ክፍል ከረሳ፣ በአንዳንዱ ኮምፒውተር ሲሠራ በሌላው ስልክ ላይ «የማይታመን» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ይህ እጅግ የተለመደ ጉድለት ነው፤ ብዙ ሰውም ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ሰርተፊኬት ለማግኘት የሚከፈለው ገንዘብ ድሮ ምክንያት ይሆን ነበር። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለሕዝብ በነፃ ስለሚሰጥ ግን ያ ምክንያት ቀርቷል። አገልግሎቱ በነፃ ቢሆንም የሰርተፊኬቱ ዕድሜ አጭር ነው። ሲጀመር 90 ቀን ነበር፤ የዓለም ሰርተፊኬት ሰጪዎች ስምምነትም የሁሉንም ዕድሜ ደረጃ በደረጃ እያሳጠረ በመጋቢት 2029 እ.ኤ.አ. ወደ 47 ቀን ያወርደዋል። እንግዲህ ሰርተፊኬትን እንደ ንግድ ፈቃድ በዓመት አንድ ጊዜ በእጅ ማደስ የማይታሰብ ሊሆን ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ በራሱ እንዲያድስ ማዘዝ ያስፈልጋል። እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አዲሱ ሰርተፊኬት በሰዓቱ መጥቶ በፋይል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ የፖስታው ሶፍትዌር አዲሱን እንዲያነብ ካልታዘዘ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። ቀኑ ሲያልፍ የቢሮው ሰው ሁሉ ስልክ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ባለሙያውም ፋይሉን አይቶ «ታድሷል» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከእድሳቱ ጋር ሶፍትዌሩን እንደገና የሚያስነሣ ትእዛዝ አብሮ መጻፍ አለበት።

መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ አሮጌ ኮምፒውተር ካለም ባትሪው ይለወጥ። ቀኑን የማያውቅ ማሽን ደኅናውን ሰርተፊኬት ጊዜው እንዳልደረሰ ወይም እንዳለፈ ይቆጥረዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጀመሪያው መንገድ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንይ። ሰርቨር ብዙ በሮች አሉት፤ ባለሙያዎች ፖርት ይሏቸዋል፤ እያንዳንዱም ቁጥር አለው። ሠራተኛው ደብዳቤ ለመላክ የሚገባበት በር 465 ወይም 587 ነው። በ465 ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሁሉም የተመሰጠረ ነው፤ በ587 ግን ንግግሩ በግልጽ ተጀምሮ በስታርት ቲ.ኤል.ኤስ. ይታሸጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኢንተርኔት መመሪያ 465ን እንድናስቀድም ይመክራል፤ ምክሩም ትክክል ነው። ደብዳቤ ለማንበብ የሚገባበት በር ደግሞ አይማፕ ለሚጠቀም 993፣ ፖፕ ለሚጠቀም 995 ነው። 143 እና 110 የተባሉት አሮጌ በሮች በግልጽ የሚሠሩ ስለሆኑ ወይ ይዘጉ፣ ወይም ሳይታሸጉ የይለፍ ቃል እንዳይቀበሉ ይታዘዙ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል። በግልጹ በር የሚያልፈው ደብዳቤው ብቻ ሳይሆን የሠራተኛው የይለፍ ቃልም ጭምር ነው። አንድ ደብዳቤ ያነበበ ሌባ አንድ ደብዳቤ አነበበ፤ የይለፍ ቃሉን ያገኘ ግን የሣጥኑን ቁልፍ አገኘ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ንግድ ቤቶች ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ቦታ የለወጠ ነጋዴ አዲሱ ቢሮ መስመር እስኪገባለት ድረስ በካፌ ዋይፋይ ወይም በጎረቤት መስመር መሥራቱ የማይቀር ነው። ደንበኛው ቡናውን እየጠጣ ፕሮፎርማውን ሲከፍት፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው በ110 በር የሚያልፈውን የይለፍ ቃል ለመቅዳት ታላቅ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም።

በሠራተኛው መሣሪያ በኩልም ትእዛዙ እንደዚሁ ጥብቅ ይሁን። የፖስታው ፕሮግራም ሲዘጋጅ «ቢቻል አሽግ» የሚል ምርጫ ካለ አይመረጥ፤ «ሁልጊዜ አሽግ» የሚለው ይመረጥ። «ማንኛውንም ሰርተፊኬት ተቀበል» የሚል ምርጫ በአንዳንድ ስልክ ላይ ይገኛል፤ ይህ በር ጠባቂን ማንንም ሳትጠይቅ አስገባ እንደማለት ነው። ማስጠንቀቂያ በወጣ ጊዜ ሠራተኛው «ቀጥል» የሚለውን እንዲጫን ማስለመድ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ አንድ ጊዜ የለመደ እጅ እውነተኛው ሌባ በመጣ ጊዜም ይጫናልና። ማስጠንቀቂያ የወጣ እንደሆነ ሥራው ቆሞ ባለሙያው ይጠራ።

የሰርቨሩ የምስጢር ቁልፍ ፋይል ደግሞ የሰርቨሩ ሶፍትዌር ብቻ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። ይህን ፋይል በፍላሽ ቀድቶ በኪሱ ይዞ የሚዞር ባለሙያ የድርጅቱን ማኅተም በኪሱ ይዞ እንደሚዞር ጸሐፊ ይቆጠር። ባለሙያው ከሥራ የተሰናበተ እንደሆነ ቁልፉ ይለወጥ፤ አዲስ ሰርተፊኬትም ይውጣ። መጋዘን ጠባቂ ሲለወጥ ቁልፍ መለወጥን ለነጋዴ ማስተማር አያሻም።

አሁን ሁለተኛው መንገድ ይቀራል፤ ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ሰርቨር ከሰርቨር ጋር የሚነጋገረው በ25 በር ነው፤ በዚህ በር ላይ ማሸግ በፈቃደኝነት ነው እንጂ በግድ አይደለም። ሁለቱም ማሸግ ከቻሉ ያሽጋሉ፤ አንዱ ካልቻለ ደብዳቤው እንደተከፈተ ይሄዳል። እንዲህ የተደረገው ለክፋት አይደለም። በዓለም ላይ ገና ማሸግ የማይችሉ ሰርቨሮች ስላሉ፣ በግድ ቢሆን ደብዳቤያቸው ባልተቀበላቸውም ነበር። ነገር ግን በመካከል የተቀመጠ ሰው ይህን ለዘብተኝነት ይጠቀምበታል። ተቀባዩ ሰርቨር «ማሸግ እችላለሁ» ሲል መካከለኛው ያችን ቃል ይሰርዛታል። ላኪው ቃሉን ካልሰማ «ይህ ሰርቨር ማሸግ አይችልም» ብሎ ደብዳቤውን ገልጦ ይሰጣል። መልእክተኛ ሄዶ «የዚያ ቤት ሰዎች የታሸገ ደብዳቤ አይቀበሉም» ብሎ በሐሰት እንደመመለስ ያለ ነው።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ወደ ጂሜይል የሚገቡ ደብዳቤዎችን በየአገሩ ለይተው ሲመረምሩ፣ ከቱኒዝያ ከሚላኩት ውስጥ 96 በመቶው በመንገድ ላይ እንዲህ ተደርጎ ሳይታሸግ እንደሚያልፍ አግኝተዋል። ከ20 በመቶ በላይ የሚሆነው ደብዳቤ ይህ የሚደርስበት አገር ሰባት ነበር፤ ኬንያና ኡጋንዳም ከእነዚሁ ውስጥ ተቆጥረዋል። ከናይሮቢ ጋር የሚነግድ አስመጪ ይህን ነገር እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊሰማው አይገባም።

መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ፣ ነጋዴው ዘወትር የሚጻጻፋቸውን ጥቂት ድርጅቶች ስም ለባለሙያው ሰጥቶ ሰርቨሩ ለእነዚህ ሳይታሸግ ፈጽሞ እንዳይልክ ማዘዝ ነው። ባንኩን፣ የመርከብ ወኪሉን፣ የጅቡቲውን አስተላላፊና ሁለት ሦስቱን ዋና ሻጮች መመዝገብ ይበቃል። ፖስትፊክስ የተባለው በሰፊው የሚሠራበት ሶፍትዌር ይህን ለእያንዳንዱ ዶሜይን ለይቶ ለማዘዝ ይፈቅዳል። እንዲህ የታዘዘ ሰርቨር ማሸግ ካልቻለ ደብዳቤውን ያቆየዋል፤ በመጨረሻም ለላኪው ይመልሰዋል። ደብዳቤ ዘግይቷል ብሎ የሚቆጣ ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም፤ ቢሆንም የዘገየ ደብዳቤ ከተነበበ ደብዳቤ ይሻላል። ለማይታወቅ ደንበኛ ሁሉ በ25 በር ላይ ግዴታ መጣል ግን አይመከርም፤ አዲስ ገዢ የጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ሳይደርስ ሊቀር ይችላልና።

ሁለተኛው መከላከያ ኤም.ቲ.ኤ.–ኤስ.ቲ.ኤስ. የሚባል እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀ ሥርዓት ነው። የዶሜይኑ ባለቤት «ለእኔ የሚላክ ደብዳቤ ሁሉ ታሽጎ፣ ሰርተፊኬቴም ተረጋግጦ ይምጣ» ብሎ በድረ ገጹ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል። ይህን የሚያከብሩ ሰርቨሮች፣ ጂሜይልን ጨምሮ፣ ማሸግ ካልቻሉ አይልኩም፤ መካከለኛው ቃሉን ቢሰርዝም አይታለሉም። ማስታወቂያው ነጋዴው የሚቀበለውን ደብዳቤ እንጂ የሚልከውን አይጠብቅም። ስለዚህ ሻጮቹም ይህንኑ እንዲያደርጉ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነጋዴው ደብዳቤው እንደታሸገ አምኖ ሊሠራ ይችላል። ማኅተሙስ? መታሸግ የላኪውን ማንነት አያስታውቅም። የሻጩን የይለፍ ቃል የሰረቀ አታላይ በሻጩ ሰርቨር፣ በሻጩ ስም ሲጽፍ ደብዳቤው ባማረ ምስጠራ ታሽጎ ይመጣል።

በዚህ ረገድ ከአገራችን ስም ጋር የተያያዘ አንድ ታላቅ ነገር በፍርድ ቤት መዝገብ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ኒውዮርክ ለሚገኘው ሲቲባንክ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሹማምንት የፈረሙበት የሚመስል ሐሰተኛ ሰነድ ደረሰው፤ ሰነዱም በፋክስ የሚመጣ የገንዘብ ትእዛዝ እንዲፈጸምና ሲያስፈልግ በእነዚህ የስልክ ቁጥሮች እንዲጠየቅ የሚል ነበር። በጥቅምት ወር ሁለት ደርዘን ያህል የፋክስ ትእዛዞች መጡ፤ ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ገንዘብም ከብሔራዊ ባንኩ ሒሳብ ወደ ጃፓን፣ ወደ ደቡብ ኮርያ፣ ወደ አውስትራልያ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ቆጵሮስና ወደዚያው ወደ አሜሪካ ተላከ። ሲቲባንክ ስልክ ደውሎ አረጋግጧል፤ የደወለው ግን በሐሰተኛው ሰነድ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነበር፤ ስልኩን ያነሡት ራሳቸው አታላዮቹ ናቸው። ነገሩ የታወቀው አንዳንድ ተቀባይ ባንኮች ገንዘቡን ሲመልሱና ብሔራዊ ባንኩም ትእዛዙን አላውቀውም ባለ ጊዜ ነው። ሲቲባንክ ገንዘቡን ለሒሳቡ መልሷል። በእነዚያ ፋክሶች መንገድ ላይ ማንም ደብዳቤ አልሰረቀም፤ የተሰረቀው ማኅተሙ ነው። መስመሩ በምስጠራ ቢሆን ኖሮ ሌቦቹን አንድ ቀን አያዘገያቸውም ነበር።

ለኢሜይል ማኅተም የሚሆኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ባለሙያው በአንድ ቀን ሊያበጃቸው ይችላል። ኤስ.ፒ.ኤፍ. በዶሜይኑ ስም ደብዳቤ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም በየደብዳቤው ላይ ሊመሳሰል የማይችል የዶሜይኑን ፊርማ ያሳርፋል። ዲማርክ እነዚህን ያላሟላ ደብዳቤ ተቀባዩ ምን እንዲያደርገው ያዛል፤ ይኸውም ዝም ብሎ እንዲያሳልፈው፣ ለይቶ እንዲያስቀምጠው፣ ወይም እንዳይቀበለው ነው። ሦስቱም የሚጠብቁት የዶሜይኑን ስም ነው። አንድ ፊደል ለውጦ ተመሳሳይ ዶሜይን ያስመዘገበን አታላይ አያቆሙም፤ የይለፍ ቃል የሰረቀውንም አያቆሙም። ለዚህ የሚሆነው አሮጌ ደንብ ነው። የባንክ ሒሳብ ተለውጧል የሚል ደብዳቤ በመጣ ጊዜ፣ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ከዚህ በፊት በነበረው ውል ወይም ካርድ ላይ ባለው ስልክ ተደውሎ፣ ድምፁ ከሚታወቅ ሰው ቃል ሳይሰማ ገንዘብ አይንቀሳቀስ። ይህ ትእዛዝ በጽሑፍ ለገንዘብ ያዡ ይሰጠው፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከመንገድ ላይ «ቶሎ ክፈል» ብሎ ቢጽፍም እንዳይጥሰው።

ሕጉም ነጋዴውን አልረሳውም። የኮምፒውተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008 የሰውን ደብዳቤ በመንገድ ላይ መጥለፍንና በኮምፒውተር ማታለልን በወንጀል ያስቀጣል። ነገር ግን ወንጀለኛው ሌላ አገር ተቀምጦ የሚሠራ በሆነ ጊዜ ክሱ ከገንዘቡ ይዘገያል።

የራሱን ሰርቨር ማቆም የሚገባው ማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ሰርቨሩን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው የሌለው የንግድ ቤት የራሱን ባያቆም ይሻለዋል፤ ከታመነ ድርጅት ይከራይ፤ ዶሜይኑን ግን በራሱ ስም ያስመዝግብ፤ የባለሙያው ወይም የድረ ገጽ ሠሪው ስም እንዳይሆን። ውል ሲፈርምም ከላይ የተጻፉትን በሮች በቁጥራቸው ጠርቶ፣ የትኞቹ ክፍት የትኞቹ ዝግ እንደሆኑ በጽሑፍ ይቀበል።

ሥራው በእርግጥ መሠራቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ነጋዴው ከዋና ሻጩ የመጣለትን አንድ ደብዳቤ ይክፈትና የደብዳቤውን ሙሉ ራስጌ፣ ማለት በተለምዶ የሚደበቀውን የጉዞ መዝገብ፣ እንዲያሳየው ፕሮግራሙን ይዘዝ። በዚያ መዝገብ ላይ ደብዳቤውን የተቀበለ እያንዳንዱ ሰርቨር በምን ሥርዓት እንደተቀበለው ጽፏል። የነጋዴው ሰርቨር ከሻጩ ሰርቨር በተቀበለበት መስመር ላይ «ኢ.ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ.ኤስ.» ተብሎ መጨረሻው ላይ ተጨማሪ «ኤስ» ካለ በዚያ መንገድ ታሽጎ መጥቷል፤ ያች ፊደል ከሌለች ግን ሳይታሸግ ሳይመጣ አይቀርም። ወደ ጂሜይል ለሚጽፍ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይቀላል፤ ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሳይታሸግ የመጣን ደብዳቤ የተከፈተ ቀይ ቁልፍ አድርጎበት ያሳያል። ነጋዴው ከድርጅቱ አድራሻ ወደ አንድ የጂሜይል አድራሻ ደብዳቤ ልኮ ቢመለከት በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልሱን ያገኛል። ቀይ ቁልፍ የታየበት እንደሆነ ያንን ገጽ አሳትሞ ለባለሙያው ይስጠው፤ እስኪስተካከል ድረስም የባንክ ሒሳብ ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በዚያ አድራሻ አይላክ።